ቻርልስ ኬተሪንግና የሞተር ሕመም

አሮጌ አውቶሞቢል የገዛ ሰው ጧት ቁልፉን ሲያዞር በልቡ የሚያደርሰውን ጸሎት የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ሞተሩ አንዳንድ ቀን ያለ ማመንታት ይነሣል፤ አንዳንድ ቀን ግን ይቆራረጣል። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ሥራውን ይተውና መኪናው በሦስቱ ብቻ እየተጎተተ እንደ አንካሳ በቅሎ ይሄዳል። ጭስ በመሣሪያ በሚለካበት አገር ደግሞ የዓመቱ ምርመራ ሲደርስ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ነው ተብሎ ይመለሳል። ባለቤቱም ግራ ገብቶት ካንዴላ ይለውጣል፤ ካርቡራተር ያስፈታል፤ ካገኘው ሰው ሁሉ ምክር ይቀበላል፤ ሕመሙ ሳይታወቅ ገንዘቡ ያልቃል። እኛም ይህን መከራ ከቀመሱት ወገን ነን።

በዚህ ነገር ሁለት ሕመሞች ያሉ ይመስላል፤ አንደኛው የሞተሩ መቆራረጥ፣ ሁለተኛው የጭሱ መክፋት። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱ አንድ ናቸው። ቤንዚንና አየር ተደባልቀው ወደ ሲሊንደሩ ከገቡ በኋላ የካንዴላው እሳት በጊዜው ካልደረሰላቸው ሳይቃጠሉ እንደ ገቡ ይወጣሉ። የጭስ መለኪያውም ሃይድሮካርቦን የሚባለውን ይህንኑ ያልተቃጠለ ነዳጅ ቆጥሮ መኪናውን ይጥለዋል። እሳቱን ከባትሪ አውጥቶ በየሲሊንደሩ በጊዜው እንዲደርስ ያደረገው፣ ኋላም በጭስ ማውጫው በኩል ሌላ የከፋ መርዝ ወደ ዓለም አየር እንዲወጣ ምክንያት የሆነው አንድ ሰው ነው። እርሱም አሜሪካዊው ኢንጂነር ቻርልስ ፍራንክሊን ኬተሪንግ ነው። የሕይወቱን ታሪክ ከዚህ በታች እናቀርባለን፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬተሪንግ የተወለደው ኦገስት 29 ቀን 1876 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ ላውደንቪል በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ ደካማ ነበር። ጥቂት ገጽ ሲያነብ ራሱን ያመው ስለ ነበር ትምህርቱ እንደ ሌሎቹ ልጆች ቀና አልሆነለትም። በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆኖ ከሠራ በኋላ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ዓይኑ እምቢ ስላለው ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። በዚያን ጊዜ የስልክ መስመር ከሚዘረጉ ሠራተኞች ጋር ጉድጓድ እየቈፈረ፣ እንጨት እያቆመ፣ ሽቦ እየወጠረ ኖረ። መጽሐፍ ሳይዝ የኤሌክትሪክን ጠባይ በእጁ ያወቀው በዚህ ሥራ ነው። ተመልሶም ጓደኞቹ እያነበቡለት ትምህርቱን ጨርሶ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ዲግሪውን ሲቀበል ዓመቱ 1904 ነበር፤ ዕድሜውም 28 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርቶት ነበር። ከእኩዮቹ ዘግይቼ ቀረሁ ብሎ የሚያዝን ተማሪ ካለ ይህን ያስታውስ።

በዚያው ዓመት ዴይተን ከተማ ባለው ናሽናል ካሽ ሬጂስተር ኩባንያ ተቀጠረ። የኩባንያው ሥራ በየሱቁ የሚቀመጠውን የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና መሥራት ነበር። ሻጩ ሒሳቡን ለመመዝገብ እጀታ ማዞር ነበረበት፤ ኬተሪንግ እጀታውን የሚተካ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠራ ታዘዘ። እርሱም ነገሩን መርምሮ ይህ ሞተር ቀኑን ሙሉ የሚሠራ እንዳልሆነ አስተዋለ፤ ለአንድ አፍታ ብቻ በኃይል መዞርና ከዚያ ማረፍ ነበረበት። ለአፍታ ብቻ የሚሠራ ሞተር ደግሞ ከመጠኑ በላይ ቢጫንም ሳይግል ያርፋል። ይህች ትንሽ ማስተዋል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአውቶሞቢልን ታሪክ ለወጠች።

ኬተሪንግና የሥራ ባልደረባው ኤድዋርድ ዲድስ ከመሥሪያ ቤት ሲወጡ ማታ ማታና በበዓል ቀን በዲድስ ጎተራ ውስጥ እየተሰበሰቡ በአውቶሞቢል ላይ ይሠሩ ነበር። ከኩባንያው ሠራተኞችም ጥቂቶች ከእነርሱ ጋር ተባበሩ። በ1909 ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። መጀመሪያ የያዙት ጉዳይ እሳቱ ነበር። በዚያ ዘመን በነበሩት ብዙ መኪኖች ውስጥ ቦቢናው እንደ ንብ እየተንዘረዘረ ለአንድ ፍንዳታ ብዙ ብልጭታ ስለሚያወጣ ደረቁ ባትሪ ቶሎ ያልቅ ነበር። ኬተሪንግ ለአንድ ፍንዳታ አንድ ጠንካራ ብልጭታ ብቻ እንዲወጣ አደረገ። ባትሪው ወደ ቦቢናው ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ኮንታክት የሚባሉት ትናንሽ መገናኛ ነጥቦች ሲከፈቱ ኤሌክትሪኩ በድንገት ይቋረጣል፤ በዚህም ቅጽበት በቦቢናው ውስጥ ብርቱ ኃይል ተወልዶ በዲስትሪቡተሩ በኩል ወደየካንዴላው ይደርሳል። የካዲላክ ኩባንያ አለቃ ሄንሪ ሌላንድ ይህን መሣሪያ ወደደውና ለመኪናዎቹ አዘዘው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማኖቬላው ነበር። ሞተሩን ለማስነሣት ሹፌሩ ከፊት ቆሞ ብረት ማዞር ነበረበት፤ ሞተሩም ወደ ኋላ ሲመታ የሰው ክንድ ይሰብር ነበር። የሌላንድ ወዳጅ የሆነ ሰው በዚህ ምክንያት ቆስሎ እንደ ሞተና ሌላንድም በዚህ አዝኖ ኬተሪንግን መፍትሔ እንደ ጠየቀው ይተረካል። የዘመኑ ኢንጂነሮች ሒሳቡን ሠርተው፣ እንዲህ ያለውን ሞተር የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ራሱ መኪናውን የሚያህል መሆን አለበት ይሉ ነበር። ሒሳባቸው ስሕተት አልነበረበትም፤ ጥያቄአቸው ግን ስሕተት ነበረበት፤ ቀኑን ሙሉ የሚያዞር ሞተር አስበው ነበርና። ኬተሪንግ የገንዘብ መመዝገቢያዋን አስታውሶ ለአፍታ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ሠራ። ይኸው ሞተር መኪናው ከተነሣ በኋላ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላ ነበር። በ1911 ለካዲላክ አስረከበው፤ በ1912 ሞዴል መኪናዎችም ላይ ወጣ። ዛሬ ሞተሪኖ ብለን የምንጠራው የዚህ ልጅ ነው።

ከዚህ በኋላ ዝናውም ሀብቱም አደገ። ዴልኮ በ1916 ተሸጠ፤ ኋላም ወደ ጄነራል ሞተርስ ገባ። በ1920 ጄነራል ሞተርስ የምርምር ኩባንያ ሲያቋቁም ኬተሪንግ አለቃው ሆነ፤ እስከ 1947ም በዚሁ ቦታ ቆየ።

የአሠራሩ ስልት ለተማሪዎቻችን ይጠቅማል ብለን ስለምናምን እዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን። አበው ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ የኬተሪንግም ልማድ ይህ ነበር። ስለ ሞተር የሚነገረውን ሁሉ ከመስማት ይልቅ ራሱን ሞተሩን መጠየቅ ይወድ ነበር። የሚቆራረጥ ሞተር ያለው ሰው ይህን ስልት ዛሬም ሊሠራበት ይችላል። በአሮጌው ዓይነት መኪና ሞተሩ እየሠራ ሳለ የካንዴላዎቹን ሽቦዎች በደንብ በተሸፈነ መያዣ አንድ በአንድ ለአፍታ መንቀል ነው። ጤነኛው ሲሊንደር ሽቦው ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፤ ሲነቀል ምንም ለውጥ የማያመጣው ያ ነው የሞተው። ቀጥሎ የዚያን ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር ማለዋወጥ ነው። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው፤ በቦታው ከቀረ ግን ሽቦውን መለወጥና መፈተን ይገባል። እርሱም ካልሆነ የሲሊንደሩ ትንፋሽ፣ መካኒኮች ኮምፕሬሽን የሚሉት፣ ይለካል፤ ቫልቭ የተቃጠለ ወይም የፒስቶን ቀለበት ያለቀ እንደ ሆነ ካንዴላ ቢለዋወጥለት አይድንም። ሁሉም ሲሊንደር እኩል የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ከሁሉም በላይ ካለው ነገር ላይ ይፈለጋል፤ ከኮንታክቱ፣ ከኮንደንሰሩ፣ ከቦቢናው፣ ወይም በተቀደደ ጓርኒሲዮን በኩል ከሚገባ አየር። ዋናው ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሦስት ነገር ባንድ ቀን የለወጠ ሰው መኪናው ቢድን እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም።

ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት መኪኖች ኮምፒዩተሩ የትኛው ሲሊንደር እንደሚቆራረጥ ቍጥር ሰጥቶ ይናገራል። የመኪናው ባለቤትም ቍጥሩን ሰምቶ ምክንያቱን ያወቀ ይመስለዋል። ኮምፒዩተሩ ግን የተናገረው ሕመምተኛውን እንጂ ሕመሙን አይደለም። በእነዚህ መኪኖች ሽቦ እየነቀሉ መሞከርም አይገባም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ ማውጫው መንገድ ላይ ወዳለው ማጣሪያ፣ ካታላይዘር ወደሚባለው፣ ገብቶ እዚያ ስለሚቃጠል ማጣሪያው ከመጠን በላይ ግሎ ይበላሻል። ስለዚህም ነው የሞተሩን መቆራረጥ ሳያስተካክሉ አዲስ ካታላይዘር መግጠም ገንዘብን እሳት ውስጥ መጣል የሚሆነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። የኬተሪንግ እሳት በየመኪናው ሲገባ አንድ ወቀሳ ተከትሎት መጣ። ሞተሮቹ ዳገት ሲወጡ ወይም ሲጫኑ በመዶሻ እንደሚመታ ብረት ያንኳኩ ጀመር። ሰዎችም ጥፋቱ የባትሪው እሳት ነው አሉ። ኬተሪንግ በሥራው ላይ የተጣለውን ክስ ለመመርመር በ1916 ከእርሱ ጋር መሥራት ለጀመረው ወጣት ኢንጂነር ለቶማስ ሚጅሊ ጉዳዩን ሰጠው። ሚጅሊም በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት በመሣሪያ ሲከታተል ማንኳኳቱ የሚመጣው ከእሳቱ በፊት ሳይሆን ከእሳቱ በኋላ፣ ቀሪው ጋዝ ባንድ ጊዜ ሲፈነዳ መሆኑን አገኘ። ስለዚህ እሳቱ ነጻ ወጣ፤ ጥፋተኛው ነዳጁ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ያስቃልም፣ ያስገርማልም። ኬተሪንግ በረዶ ሳይቀልጥ የምታብብ ቅጠለ ቀይ የዱር ተክል ያውቅ ነበር። ምናልባት ቀይ ቀለም ሙቀትን ቶሎ ይቀበል ይሆናል፤ ነዳጁን ቀይ ብናደርገው ቶሎ ይተን ይሆናል ብሎ አሰበ። ሚጅሊ ቀይ ቀለም ፈልጎ ስላጣ አዮዲን ጨመረበት፤ ማንኳኳቱም ቆመ። ኋላ ሌሎች ቀይ ቀለሞች ቢሞከሩ ምንም አልረዱም። ሐሳቡ ፈጽሞ የተሳሳተ ሲሆን ሙከራው ግን እውነቱን ገለጠ፤ ያዳነው ቀለሙ ሳይሆን አዮዲኑ ራሱ ነበር። አዮዲን ግን ውድ ነው፤ ብረትም ይበላል። ስለዚህ ብዙ ዓይነት ቅመም አንዱን ካንዱ እያማረጡ ዓመታት ፈጁ። አንዱ ቅመም ሽታው በሰውነታቸውና በልብሳቸው ላይ ስለሚቀር ሰው ይሸሻቸው ነበር። በመጨረሻ ዲሴምበር 9 ቀን 1921 ቴትራኤቲል ሌድ የተባለውን የእርሳስ ውሕድ ሞከሩ። ለአንድ ጋሎን 3 ሲሲ ያህል ብቻ ሲጨመርበት ሞተሩ ዝም አለ።

ይህ ለኢንዱስትሪው ትልቅ ነገር ነበር፤ የማያንኳኳ ሞተር ጋዙን ይበልጥ አጥብቆ መጭመቅ ስለሚችል በዚያው ቤንዚን የሚበልጥ ኃይል ይሰጣል። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1923 በዴይተን ከተማ መሸጥ ተጀመረ። ይሁን እንጂ ወዲያው ሌላ ሕመም ታየ። የእርሳሱ ቅሪት በካንዴላዎቹና በቫልቮቹ ላይ እየጋገረ ሞተሩን ያቆራርጥ ጀመር፤ ለማንኳኳት የተሰጠው መድኃኒት መቆራረጥን ወለደ። የኬተሪንግ ሰዎች ይህንም ፈቱት። ብሮሚን ያለበት ሌላ ቅመም ሲጨምሩበት እርሳሱ በካንዴላው ላይ መቀመጡን ትቶ ከጭሱ ጋር ይወጣ ጀመር። አንባቢዎቻችን ይህን ነጥብ ልብ እንዲሉት እንለምናለን። ሞተሩ ጸዳ፤ እርሳሱ ግን አልጠፋም፤ ከካንዴላው ተነሥቶ ወደ ጎዳናው ሄደ።

በዚያው ዓመት ኬተሪንግ ሌላ ሽንፈት ቀመሰ። በውሃ ፋንታ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ የመዳብ ክንፎች ያሉት ሞተር ሠርቶ ለሸቭሮሌት ሰጥቶ ነበር። 759 መኪኖች ከተሠሩ በኋላ ሞተሩ ሲግል ኃይል እያጣ ስላስቸገረ የተሸጡት ሁሉ ተመልሰው እንዲሰበሰቡ ሆነ። በምርምር ክፍሉ ውስጥ ደኅና ሲሠራ የነበረ ሞተር በመንገድ ላይ ሌላ ሆነ። ኬተሪንግ ጥፋቱን በፋብሪካው ሰዎች ላይ አድርጎ ሥራውን ለመልቀቅ ጠየቀ፤ አለቃው አልፍሬድ ስሎን ግን አልፈቀደለትም።

በኦገስት 1924 ጄነራል ሞተርስና የኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል ይህን ቅመም የሚሸጠውን ኤቲል ኮርፖሬሽን አቋቋሙ። ኬተሪንግ ፕሬዚዳንቱ፣ ሚጅሊ ምክትሉ ሆኑ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር፣ በኒው ጀርሲ በሚገኘው ቤይዌይ ቅመሙ ከሚሠራበት ፋብሪካ ሠራተኞች አእምሮአቸው እየተናወጠ ይወጡ ጀመር። 5 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ሆስፒታል ገቡ። በሌሎች ስፍራዎችም የሞቱ ነበሩ። ሚጅሊ ራሱ ቀደም ብሎ በእርሳስ ታሞ ለማረፍ ሄዶ ነበር። ኒው ዮርክን የመሳሰሉ ከተሞች ሽያጩን ከለከሉ።

በሜይ 1925 የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና አለቃ በዋሺንግተን ጉባኤ ጠራ፤ ሽያጩም ለጊዜው ቆመ። ኬተሪንግ በጉባኤው ላይ ቀርቦ ስለ ቅመሙ አስረዳ። ከሌላው ወገን በሠራተኞች በሽታ ላይ ብዙ የደከሙት ሐኪም አሊስ ሃሚልተንና የዬል ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ያንዴል ሄንደርሰን እርሳስን በየመንገዱ መበተን አደገኛ መሆኑን ተናገሩ። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተሰየመ፤ የተሰጠው ጊዜ ግን ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ኮሚቴው 252 ሹፌሮችንና የጋራዥ ሠራተኞችን መርምሮ በጃንዋሪ 1926 ለመከልከል በቂ ምክንያት አላገኘሁም አለ፤ ነገር ግን የእርሳስ ጕዳት ብዙ ዓመት ቆይቶ ሊገለጥ ስለሚችል ምርመራው በመንግሥት ገንዘብ እንዲቀጥል አደራ አለ። አደራው ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ሽያጩ እንደገና ተጀመረ። ከዚያም ወዲህ ለ40 ዓመት ያህል ስለ እርሳሱ የሚደረገው ዋና ምርምር የሚካሄደው በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ባለው፣ ቅመሙን የሚሠሩት ኩባንያዎች ገንዘብ በሚከፍሉለትና የኬተሪንግን ስም በያዘው ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ወጣት ባለሥልጣን የሆነ አንባቢያችን የኮሚቴ ሪፖርት ሲጽፍ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚጨምራት አንዲት የአደራ አንቀጽ ማን እንደሚከታተላት ካልተወሰነ ምን እንደሚደርስባት ከዚህ ያያል።

ኬተሪንግ ሌላ መንገድ አልነበረውም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ነበረው። አልኮል በቤንዚን ላይ ሲጨመር ማንኳኳትን እንደሚያቆም እርሱና ሚጅሊ ያውቁ ነበር፤ በፊትም አመስግነውት ነበር። አልኮል ግን በብዛት መጨመር አለበት፤ ማንም ገበሬ ሊጠምቀው ስለሚችልም የአንድ ኩባንያ የብቻ ንብረት ሊሆን አይችልም። እንደ እኛ አስተያየት ኬተሪንግ ክፉ ሰው አልነበረም። ሞተርን ለመጠየቅ የነበረውን ትዕግሥት ያህል፣ ጭሱን የሚተነፍሰውን ሰው ለመጠየቅ አልነበረውም፤ ጥፋቱ ይህ ነው። የሞተሩ መልስ በአንድ ቀን ይመጣል፤ የሰው ሳንባና የሕፃን አእምሮ መልስ ግን 40 ዓመት ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው በሥራ የተሞላ ነው። በፍጥነት የሚደርቀው የመኪና ቀለም፣ በ1930ዎቹ የአሜሪካን ባቡሮች ከእንፋሎት ወደ ናፍታ ያሻገረው ሞተር፣ የማቀዝቀዣዎቹ ጋዝ ፍሪዮን፣ ሁሉም ከእርሱ ክፍል የወጡ ናቸው፤ ፍሪዮንም ኋላ የሰማዩን የኦዞን ሽፋን የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ። በ1945 ከስሎን ጋር ሆኖ በኒው ዮርክ ለነቀርሳ ምርምር የሚሆን ተቋም አቋቋመ። 186 የፈጠራ መብቶች በስሙ እንደ ተመዘገቡ ይነገራል። ኖቬምበር 25 ቀን 1958 በ82 ዓመቱ ዐረፈ።

ጄነራል ሞተርስ የኤቲልን ድርሻውን በ1962 ሸጠ። በ1965 ክሌር ፓተርሰን የተባለው ሊቅ በሰው ደም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን ሰው ያመጣው መሆኑን ጽፎ አሳተመ። በ1970 አሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ያዘዘውን ልክ ለመድረስም ለመኪኖች ካታላይዘር አስፈለገ። ካታላይዘሩ ደግሞ እርሳስ ሲነካው ይሞታል። በመጀመሪያ እርሳሱን ከቤንዚን ያስወጣው እንግዲህ የሕፃናት ጤና ብቻ ሳይሆን ይህ ማጣሪያም ነበር። ከ1974 ጀምሮ በአሜሪካ እርሳስ የሌለበት ቤንዚን በየማደያው ቀረበ፤ በ1996 መጀመሪያ ለመንገድ መኪና በእርሳስ የተቀላቀለ ቤንዚን መሸጥ ተከለከለ። ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ አስወገዱት፤ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች።

የ1975 ሞዴል የጄነራል ሞተርስ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ካታላይዘር ተገጥሞላቸው ያለ እርሳስ የሚሄዱ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ኮንታክቱንና ኮንደንሰሩን አውጥቶ በኤሌክትሮኒክ እሳት ተካቸው። የኬተሪንግ ሁለቱ ሥራዎች ከራሱ ኩባንያ አዲስ መኪና አብረው ወጡ። እሳቱ ግን ከዓለም አልጠፋም። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከሚታዩት አሮጌ ቮልስዋገኖች የፋብሪካ ዕቃቸው ያልተለወጠባቸው ዛሬም በኮንታክትና በቦቢና ይነሣሉ። መካኒኩ የዲስትሪቡተሩን ክዳን አንሥቶ የተቃጠለችውን ነጥብ በሚጢጢ ሞረድ ሲያጸዳና ክፍተቷን በቀጭን ብረት ሲለካ የሚነካው በ1909 በዲድስ ጎተራ ውስጥ የተሠራውን ነገር ነው።